ክትፎ የሚወድ ሰው አልተገኘም

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወርደው አስፋልት ወልቂጤን ለሁለት ከፍሎ በሚያልፍበት ዳር፣ ሚስማርና ቆርቆሮ፣ አካፋና የበር ቁልፍ በሚሸጥበት በጋሽ ሳህሌ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ እትዬ ዘነበች ጀበናቸውን ጥደው ቡና ይሸጣሉ። ጋሽ ሳህሌ በልጅነታቸው ድቁና ተቀብለው፣ ከዚያም እንደ ብዙው የአገራቸው ልጅ መርካቶ ገብተው፣ ከሊስትሮ ሣጥን ተነሥተው እስከ ጅምላ ሻጭነት የደረሱ፣ በስተርጅና ወደ አገራቸው ተመልሰው የእድር ዳኝነቱን፣ የእቁብ ዳኝነቱንና የጽዋ ማኅበሩን ሙሴነት ደርበው የያዙ፣ ስለዚህም ስብሰባ የሌለበትን ቀን እንደ ደዌ የሚፈሩ ሰው ናቸው። ሙራድ ደግሞ ጉብሬ ካለው ከወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሁለት ዓመት ሥራ የፈለገ፣ ሥራው ግን እሱን አልፈልግ ስላለው ራሱ ሥራ ሊፈጥር የቆረጠ ወጣት ነው። መስቀል ባለፈ በሦስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ከቀትር በፊት፣ ስልኩን እንደ ታቦት በሁለት እጁ ይዞ ወደ በረንዳው መጣ።

ሙራድ፦ ጋሼ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ይስጡኝ። ተመሳሳይ ፍላጎት ያላቸውን ሰዎች ፈልጎ የሚያገናኝ አፕ ሠርቼ ጨርሻለሁ። ስሙንም «ጀፎረ» ብዬዋለሁ።

ጋሽ ሳህሌ፦ ጀፎረ! ልጄ፣ ጀፎረ እኮ በሁለት ረድፍ ቤቶች መካከል የተዘረጋ፣ ሣሩ እንደ ምንጣፍ የሆነ የመንደር አደባባይ ነው፤ ሠርግ የሚጨፈርበት፣ ለቅሶ የሚቀመጡበት፣ ልጅ የሚቦርቅበት፣ አጥሩን አንድ ክንድ ወደዚያ የገፋ ሰው በሽማግሌ ፊት የሚቆምበት። ያንተው የት ነው ያለው?

ሙራድ፦ እዚሁ ስልኬ ውስጥ።

ጋሽ ሳህሌ፦ መግቢያውስ በየት ነው?

ሙራድ፦ በይለፍ ቃል ነው የሚገባው።

ጋሽ ሳህሌ፦ በር ያለው ጀፎረ! ዘነበች፣ ይህን አንድ ብለሽ ጻፊልኝ።

እትዬ ዘነበች፦ እኔ የምጽፈው የቡና ዱቤ ብቻ ነው፤ የእርስዎም ገጽ ሞልቷል።

ሙራድ፦ ይህ እኮ በዓለም የተፈተነ ነገር ነው። ኒውዮርክ ላይ፣ በፈረንጆች 2001 ዓ.ም. እነዚያ መንትያ ሕንጻዎች ከፈረሱ በኋላ፣ ቀድሞ አንገቱን ደፍቶ ያልፍ የነበረው ጎረቤት ሰላም መባባል ሲጀምር ጊዜ፣ ይህንን ያየ ሰው ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በዓመቱ «ሚትአፕ» የተባለውን መሠረተ። በእርሱ አማካይነት መጽሐፍ የሚያነበው ከአንባቢ፣ ተራራ የሚወጣው ከተራራ ወጪ ጋር ተገናኘ።

ጋሽ ሳህሌ፦ ነፍስ ይማር። ነገር ግን ሰላም ለመባባል ያን ያህል መዓት መጠበቃቸው ያሳዝናል፤ እኛ ዘንድ ጎረቤቱን ሰላም ሳይል ያለፈ ሰው፣ ሕንጻ ሳይፈርስ፣ በዚያው ምሽት «ምን አስቀየምንህ?» ተብሎ ይጠየቃል።

ሙራድ፦ ያ እኮ መተዋወቅ ነው ጋሼ። እኔ የምለው የፍላጎት አንድነት ነው።

ጋሽ ሳህሌ፦ (የድቁናቸው ዘመን ትዝ ብሏቸው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው) ፍላጎት ማለት አንድም የወደዱት ነው፤ አንድም ያጡት ነው። የመጀመሪያውን ትርጓሜ ማን እንዳስተማረህ አላውቅም፤ እስቲ የወደዱትን አሳየኝ።

ሙራድ፦ 40 ዓይነት ተዘርዝሯል። ፊልም፣ ጉዞ፣ ፎቶግራፍ፣ ኳስ፣ ዮጋ...

ጋሽ ሳህሌ፦ ለቅሶ የሚለው ከየትኛው በታች ነው?

ሙራድ፦ ለቅሶ ፍላጎት አይደለም።

ጋሽ ሳህሌ፦ እንግዲያስ እኔ ከጎልማሳነቴ ጀምሮ በሳምንት ሁለት ጊዜ የምሄደው ሳልፈልግ ነዋ! ይሁን። ክትፎ በልልኝ። ዕለቱ ረቡዕ ቢሆንም መጻፉ አያስገድፍም።

ሙራድ ክትፎ የሚለውን በአርባ አንደኛነት ጨምሮ፣ የጋሽ ሳህሌን ስም አስገብቶ፣ አውራ ጣቱን ጫን አደረገ። በመስታወቱ ላይ ትንሽ ክብ ዞረች፣ ዞረች፣ ደግማም ዞረች፤ እትዬ ዘነበች ሁለተኛውን ቡና ቀድተው እስኪያቀርቡም አላረፈች። በመጨረሻ፣ ጣባው ገና ከየቤቱ ጓዳ ወደ ቆጥ ባልተመለሰበት፣ የቅቤውና የሚጥሚጣው ሽታ ከመጋረጃው ባልለቀቀበት፣ ከአራቱ ማዕዘን ለመስቀል የመጣው ሕዝብ በልቶ ጠግቦ ከተመለሰ ሃያ ቀን ባልሞላበት በዚያ በጉራጌ ምድር፣ እንዲህ የሚል ቃል ተነበበ፦ «ይቅርታ፤ በአካባቢዎ ይህን ፍላጎት የሚጋራ ሰው አልተገኘም።»

እትዬ ዘነበች፦ ልጄ፣ ይህን ለሰው እንዳታሳይ። ቡታጅራዎች ቢሰሙ መሣቂያ ያደርጉናል።

ሙራድ፦ ስህተት አይደለም እትዬ፤ አባላቱ ገና 11 ስለሆኑ ነው። ሁሉም አብረውኝ የተመረቁ ናቸው፤ ዘጠኙ የሞሉት «ጉዞ» ብለው ነው።

ጋሽ ሳህሌ፦ ወዴት ወዴት ተጓዙ?

ሙራድ፦ ሥራ ስላልያዙ... እስካሁን ጉብሬ ደርሰው ነው የሚመለሱት። ሰው ሲበዛ ግን ይደምቃል።

ጋሽ ሳህሌ፦ ሰውስ በምን ይበዛል?

ሙራድ፦ ሲደምቅ።

እትዬ ዘነበች፦ የእኔም ቡና እንዲሁ ነው። ሰው የሌለበት በረንዳ ላይ ሰው አይቀመጥም።

ጋሽ ሳህሌ፦ ይህንን የእቁብ አባቶች ድሮ ፈትተውታል። እቁብ የሚገባ ሰው የሚገባው እጣው ስለሚደርሰው ነው፤ እጣ ወጥቶለት ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ የማይጠፋው ደግሞ ዋስ ስለ ጠራ ነው። ያንተ አባል ቢጠፋ ማን ይጠየቃል? ቢቀርስ ስንት ይቀጣል?

ሙራድ፦ ቅጣት የለም። ሲፈልግ ይገባል፣ ሲሰለቸው ያጠፋዋል፤ ነጻነቱ እሱ ነው። ደግሞ ጋሼ አይቆጡኝና፣ የእናንተም ስብሰባ ቢሆን ታይቷል። ባለፈው የእድሩ ጉባኤ ስለ ድንኳኑ መግዣ የተነጋገረው ሩብ ሰዓት ነው፤ ስለ ጠፉት ስድስት ብርጭቆዎች ግን እስኪመሽ ተከራከራችሁ።

ጋሽ ሳህሌ፦ ሰባት ነበሩ። አንዱ ተገኝቷል።

(በዚህ ጊዜ ጋሽ ሳህሌ ሲኒያቸውን አስቀምጠው አስፋልቱን ተመለከቱ። ሽማግሌ መንገድ ሲመለከት የሚመጣውን ነገር አንባቢ ሳይገምተው አይቀርም፤ ነገር ግን ስለዚህኛው መንገድ ቢናገሩ አይፈረድባቸውም።)

ጋሽ ሳህሌ፦ በ1950ዎቹ፣ እኔ የመርካቶ አቧራ ስጠርግ፣ የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት የሚባል ተቋቋመ። ጨርቅ ሻጩም፣ ቆርቆሮ ቸርቻሪውም፣ ባለጠጋውም እንደየአቅሙ አዋጣ፤ ከዚህ ከወልቂጤ ወደ እምድብር የሚያስገባውና ወደ ሆሳዕና የሚዘልቀው መንገድ እንዲወጣ ገንዘብ ተሰበሰበ። እነዚያ ሰዎች «መንገድ የሚወድ ማነው?» ተባብለው የተሰባሰቡ ይመስልሃል? ግማሾቹ አይስማሙም፣ ሌሎቹ በገበያ ይወዳደራሉ፤ ጨሀው ከእዣው ይቀላለዳል። ነገር ግን መስቀል ሲደርስ ለእናታቸው የገዙትን ጋቢ ተሸክመው በጭቃ መግባት አንገፈገፋቸው። ሁለተኛው ትርጓሜ ይኸው ነው።

ሙራድ፦ እንግዲያስ እኔ ምን ልሥራ? እንሰት ልፋቅ?

እትዬ ዘነበች፦ ያንንስ ሴቶቹ እያወሩ ይጨርሱታል፤ አንተ አትችለውም።

ጋሽ ሳህሌ መልስ ሊሰጡ አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ከታችኛው ሰፈር የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። እርሳቸውም ቃላቸውን በእንጥልጥል ትተው፣ ከሱቁ ውስጥ አንድ ወፍራም መዝገብ አውጥተው፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው ገለጡ።

ጋሽ ሳህሌ፦ ሙራድ። በአባትህ ስም ተተክተህ አባል ሆነሃል። ባለፈው ማክሰኞ ቀብር ላይ አልነበርክም። 50 ብር።

ሙራድ፦ ጋሼ፣ አፑን እየጨረስኩ ነበር! ሦስት ቀን በሬን ዘግቼ፣ ከሰው ሳልገናኝ...

ጋሽ ሳህሌ፦ ሰውን ከሰው ለማገናኘት?

ሙራድ፦ (ኪሱን እየዳበሰ) በእጄ ገንዘብ የለም።

ጋሽ ሳህሌ፦ በቴሌብር ላከው። የእድሩም የእቁቡም በዚያው ነው የሚገባው፤ ደረሰኙንም ቴሌግራሙ ላይ ጸሐፊው ይለጥፈዋል።

ሙራድ፦ እድሩ ቴሌግራም አለው? ስንት አባል?

ጋሽ ሳህሌ፦ 180።

ሙራድ፦ ከእነዚህ ውስጥ ክትፎ የሚወድ ስንት ይሆናል?

ጋሽ ሳህሌ፦ ከሁለቱ በቀር ሁሉም። አንዱን ሐኪም ከልክሎታል፤ ሌላው ደግሞ እኔ የምወደውን ላለመውደድ ምሏል፤ የብርጭቆው ነገር ነው።

ይህን ብለው ጋቢያቸውን ደርበው፣ ሱቁን ለእትዬ ዘነበች አደራ ሰጥተው ወደ ታች ወረዱ፤ ሙራድም 50 ብሩን ከላከ በኋላ፣ ሌላ 50 እንዳይጨመርበት ሰግቶ፣ ስልኩን በኪሱ ከትቶ ተከተላቸው።

በዚያው ምሽት ሙራድ የፍላጎቱን ዝርዝር ከፍቶ፣ ከ«ዮጋ» ከፍ አድርጎ «ለቅሶ» የሚል ጨመረበት። የጀፎረ አባላት ዛሬ 12 ናቸው። ዐሥራ ሁለተኛው ጋሽ ሳህሌ ሲሆኑ፣ የይለፍ ቃላቸውን እንዳይረሱት እትዬ ዘነበች በቡናው ዱቤ ደብተር ላይ ጽፈውላቸዋል።