ስኳር ቀምሶ የማያውቀው ስኳር በሽተኛ

እኛ ቤት ስኳር በሽተኞች ሁለት ናቸው፤ እናቴና ድመቴ። እናቴስ እሺ፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ቡናዋን በሦስት ማንኪያ ስኳር ጠጥታለች። ውሮ ግን ምን በወጣው? ድመት ጣፋጭን የሚለይበት ጂኑ ድሮ የተበላሸ ፍጡር ነው። ጣፋጭ ምን እንደሆነ ሳያውቁ በስኳር መያዝ፣ ጠላ ሳይቀምሱ ሰክረሃል ተብሎ እንደ መከሰስ ነው።

ነገሩ የጀመረው በውሃ ነው። ውሮ የውሃ ሳህኑን ያደርቅ ጀመር፤ የአሸዋ ሣጥኑ ጭቃ ሆነ፤ እንደ ጉድ እየበላ ከሰባት ኪሎ ወደ አምስት ተኩል ወረደ። እማዬ ሽሮዋን እያማሰለች አየት አደረገችውና፣ «ይሄ ድመት ስኳር ይዞታል» አለች። ሳቅሁባት። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የእንስሳት ሐኪም ደሙን መርምራ ያንኑ ደገመችልኝ፤ ልዩነቱ እማዬ አላስከፈለችኝም።

እማዬ የምትወጋው ግላርጂን የተባለው ኢንሱሊን ለድመትም ይታዘዛል። ስለዚህ ማቀዝቀዣው ውስጥ «የእማዬ» እና «የውሮ» የሚሉ ሁለት ብልቃጦች ጎን ለጎን ተቀመጡ። ለውሮ በየ12 ሰዓቱ አንድ ዩኒት። ዋናው መድኃኒት ግን ምግቡ ነው። ድመት ሥጋ በል ነው፤ ደረቁ የድመት ምግብ ደግሞ ያለ ስታርች ቅርጽ አይዝም። ፕሮቲኑ የበዛ፣ ስታርቹ ያነሰ የቆርቆሮ ምግብ ታዘዘለት። «ሳትነግሪኝ ምግቡን እንዳትቀይሪ» አለችኝ ሐኪሟ፤ «ስታርቹ ሲቀንስ የሚያስፈልገው ኢንሱሊንም ይቀንሳል። በድሮው መጠን ከወጋሽው ስኳሩ ወርዶ ይወድቅብሻል።» ያን ጊዜ ድዱን ማር ቀብቶ ወደ እሷ መሮጥ ነው።

ይህ ሁሉ አንድ ድመት ብቻ ላለው ቤት ቀላል ነው። እኛ ግን በርበሬ የምትባል ቀጭን ድመትና ቡቺ የሚባል ውሻም አሉን። በርበሬ ደረቅ ምግቧን እንደ ቆሎ ቀኑን ሙሉ ስትቆረጥም ትውላለች። ቡቺ ደግሞ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም። ለቡቺ መላ አላጣንም፤ የድመቶቹን ሳህን መደርደሪያ ላይ ሰቀልነው። ለበርበሬ ደግሞ ቆዳዋ ሥር ያለውን ቺፕ አንብቦ ለእሷ ብቻ የሚከፈት ሳህን ገዛሁ፤ ዋጋውን ለእማዬ አልነገርኳትም። ውሮ ሦስት ቀን ቁጭ ብሎ አጠናው። በአራተኛው ቀን በርበሬ ክዳኑን ስታስከፍት ከጎኗ ተለጥፎ ጭንቅላቱን ሰደደ። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ! ሳህኑን ካርቶን ውስጥ ከትቼ፣ በርበሬን ብቻ የምታሾልክ ቀዳዳ በሳሁ።

ስኳሩ ግን አልወርድ አለ። ጠዋት ጠዋት የጆሮውን ጫፍ ወግቼ ስለካ ቁጥሩ ያው ነው። አንድ ሌሊት ውሃ ልጠጣ ብነሳ፣ እማዬ ኩሽና ቁጭ ብላ ድፎ ዳቦ ወተት ውስጥ እየነከረች ውሮን ታጎርሰዋለች።

«እማዬ!»

«ታዲያ ዓይን ዓይኔን እያየኝ ብቻዬን ልብላ?»

«አንቺስ ብትሆኚ ዳቦ ማን ፈቀደልሽ?»

እማዬ ዝም። ውሮም ዝም። ለካ ሳህን ስቆልፍ የከረምኩት በከንቱ ነው፤ ጉርሻን የሚከለክል ቺፕ ገና አልተሠራም።

በማግስቱ ማቀዝቀዣው ላይ የስኳር መመዝገቢያ ወረቀት ለጠፍኩ፤ በአንድ በኩል እማዬ፣ በሌላው ውሮ። መለኪያቸው ለየቅል ነው፤ የሰው መለኪያ የድመትን ስኳር አሳንሶ ያነባል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ አንድ ጠዋት እማዬ መነጽሯን አድርጋ ወረቀቱ ፊት ቆመች። ውሮ 160፣ እሷ 210።

«በለጠኝ?» አለች።

ቡናው ሲቀዳ የስኳር ማንኪያውን አነሳች፤ እግሯ ሥር የተጎለተውን ውሮን አየችው፤ ማንኪያውን መልሳ አስቀመጠች። መራራውን ፉት ብላ ፊቷን አጨማደደችና፣

«ለእሱማ ምን አለበት» አለች፤ «ጣዕሙን አያውቀው!»