«ሐበሻ ነው አይደል?»

አዳማ ውስጥ «የሐበሻ እንቁላል» እየተባለ የሚሸጠው ሁሉ እውነት የሐበሻ ዶሮ የጣለችው ቢሆን ኖሮ፣ ከፍራንኮ እስከ ወንጂ መንገድ ድረስ ለሰው መቆሚያ ቦታ አይገኝም ነበር፤ ሁሉንም ዶሮ ይይዘዋል። የሐበሻ ዶሮ ሥራ አታበዛም። ጥቂት ትጥላለች፣ ትታቀፋለች፣ ጫጩቶቿን አስከትላ ግቢ ለግቢ ስትጭር ትከርማለች። በዓመት ብትጥል ብትጥል ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው።

የእኔዎቹ ቦቫንስ ብራውን ይባላሉ። በዓመት ከ250 በላይ ይጥላሉ፤ መታቀፍ የሚባል ሐሳብ አይመጣባቸውም። በካርቶን ተጭነው በቢሾፍቱ በኩል ቢመጡም ዘራቸው ከሆላንድ ነው። ሆላንዶች በ1946 ዓ.ም. ወንጂ ላይ ስኳር ማምረት ጀምረው ነበር፤ ስኳር አንዳንዴ ከሱቅ ይጠፋል፣ ዶሮዎቹ ግን በየጠዋቱ ይጥላሉ።

ይህን ለማንም አልደብቅም። ደንበኛ መጥታ «ሐበሻ ነው አይደል?» ስትለኝ፣ «አይደለም፣ የፈረንጅ ነው» እላታለሁ። ትስቃለች።

«አንቺ ደግሞ! ግቢሽ ውስጥ ሲጭሩ እያየኋቸው?»

የምትፈልገው ቢጫ አስኳል ነው። አስኳል ግን ከዶሮዋ አገር ጋር ጉዳይ የለውም፤ ከምትበላው ጋር ነው። ቢጫ በቆሎና ቅጠል ያገኘች ዶሮ አስኳሏ ደምቆ ይወጣል፤ ፉርሽካ ብቻ የሚደፋላት ደግሞ ይገረጣል። እኔ ከአትክልት ተራ የተረፈ ጎመንና ቆስጣ አምጥቼ እበትንላቸዋለሁ። ደንበኛዬ ቤቷ ገብታ መጥበሻው ላይ ስትሰብረው ቢጫውን ታያለች፤ በማግስቱ እህቷን «እሷ ጋ ሐበሻ አለልሽ» ብላ ትልካታለች። እንቁላሉን ይወስዳሉ፣ እውነቱን ይተዉልኛል። የሐበሻ እንቁላል 40 ግራም ቢመዝን ነው፤ የእኔ 60 ይደርሳል። «ሐበሻ ሆኖ እንዴት እንዲህ ወፈረ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው እስካሁን የለም።

እኔ የገባኝ፣ ሰው የሚገዛው እኔ ጋ መጥቶ አጥር ላይ ተደግፎ ማየቱን ነው። ከቢሾፍቱ እርባታዎች በመኪና የሚመጣውን እንቁላል የጣለችው የእኔዎቹ እህት ናት፤ ግን እሷን ማን አያት? የእኔን ዶሮዎች ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ምን እንደበሉ፣ የትኛዋ እንዳነከሰች፣ ትናንት ማታ ቆጥ ላይ ማን ማንን እንደነከሰች። ይህ ዝና ዋጋ አለው፤ ገንዘብ ግን አያመጣም። የሚያውቅሽ ሰው በዱቤ ነው የሚወስደው። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፤ ይህን አንብባችሁ ሳትጨርሱ ይለወጣል።

የንግዱ ትልቁ ጣጣ ግን ዶሮ አለመጾሟ ነው። ኦርቶዶክሱ ደንበኛዬ ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል፤ ዶሮዎቼ አንዱንም አያውቁትም። በተለይ የሁዳዴው 55 ቀን፣ ያውም አዳማ በምትነድበት ወራት፣ እንቁላሉ በየጠዋቱ ይከመራል። መኖ ነጋዴውም አይጾምም፤ ለሁዳዴ ብሎ የኑግ ፋጉሎ ዋጋ የቀነሰ ሰው አላየሁም። ደግነቱ አዳማ ሁሉም ሰው አለባት፤ ሙስሊሙ ይገዛል፣ ፕሮቴስታንቱ ይገዛል፣ አልፎ አልፎም ሲመሽ በሩን ቀስ ብላ የምታንኳኳ ጾመኛ ጎረቤት «ለልጆቹ ነው» ትላለች። በጾም ወራት የሰፈራችን ልጆች ቁጥር በጣም ይጨምራል። ልጆቿን ሁሉ ድራ የጨረሰች፣ እኔ ራሴ ሚዜ የሆንኩላት ሴት ሳትቀር ለልጆቿ ወስዳለች።

በ2016 ዓ.ም. ግን ይህም ዘዴ ከዳኝ። ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን ገቡ፤ ሰኞ መጋቢት 2። ዶሮ የምትጥለው በአብዛኛው ከረፋዱ በፊት ነው፤ እንቁላሉና እኔ ቀኑን ሙሉ ተፋጥጠን እንውላለን። ከመግሪብ በኋላ ግን ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሐጂ ለሱሁር የሚሆን ሊወስዱ ብቅ ይላሉ።

«ዛሬም ጣሉ?»

«ጣሉ ሐጂ። ምን ላድርጋቸው?»

«አይዞሽ ልጄ። የእኛም የእናንተም ያልፋል። እነሱን ግን አንድ ኢማምና አንድ ቄስ አብረው ቢመክሯቸው ጥሩ ነበር።»

ሚያዝያ 2 ኢድ ሆነ፤ ሚያዝያ 27 ፋሲካ። ቅዳሜ ሹር ደግሞ ያ ሁሉ ሰው ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ሁሉም ለወጡ 12፣ 12 እንቁላል ይላል። ዶሮ አንድ እንቁላል ለመሥራት 25 ሰዓት ገደማ ይፈጅባታል፤ ከዚያ ውስጥ 20 ያህሉ የሚያልቀው ቅርፊት በማልበስ ነው። ለፋሲካ ተብሎ ትርፍ ሰዓት አትገባም። «ሁዳዴ ሙሉ ሲከመር የት ነበራችሁ?» ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝ።

ሙቀቱም የራሱ ሒሳብ አለው። ዶሮ ላብ የላትም፤ አፏን ከፍታ ታለከልካለች። ብዙ ስታለከልክ ከደሟ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አብሮ ይወጣና ለቅርፊቱ የሚሆነው ይጎድላል፤ እንቁላሉ ስስ ሆኖ ይመጣል። «ሳልነካው ተሰነጠቀ» የሚል ቅሬታ ያለ ክርክር የምቀበለው በግንቦት ብቻ ነው።

ፈንግልን ደግሞ አልቀልድበትም። አንዴ ግቢ ከገባ ቆጡን ባዶ አድርጎ ነው የሚወጣው፤ ብዙውን ጊዜም የሚገባው ለበዓል ከገበያ በተገዛች ዶሮ ነው። ክትባቱ እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል፣ በዓይን ጠብ የሚደረግ አለው፤ ግን አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ነው፣ ተበጥብጦም አያድርም። ስለዚህ ከጎረቤት ጋር ተዋጥተን እንገዛለን፤ ያን ቀን ከቤት ቤት እየዞርን የዶሮ ዓይን ስንፈልግ እንውላለን። በዓመት ያን ያህል ሰው ቤት የምገባበት ሌላ ቀን የለኝም፤ የማን ቤት ሶፋ እንደተቀየረ የማውቀውም ያኔ ነው።

አሁን አንዴ ወደተከሰስኩበት ጉዳይ ልምጣ። ከጀርባችን ያሉት እትዬ አንዲት ታቃፊ የሐበሻ ዶሮ አላቸው፤ እንቁላል ሊገዙ መጡ።

«ለማስታቀፍ ከሆነ አይሆንዎትም እትዬ። እኔ አውራ የለኝም።»

«አውራ ከሌለሽ እንዴት ጣሉ?»

«ዝም ብለው ይጥላሉ።»

«ዝም ብሎ የሚሆን ነገር አለ?» አሉና አጥሬን ከጥግ እስከ ጥግ ቃኙት፤ የሰው አውራ የሚሾልክበት ቀዳዳ ሲፈልጉ። ዶሮ ለመጣል አውራ እንደማያስፈልጋት፣ የሚያስፈልጋት ለጫጩት እንደሆነ ደግሜ አስረዳሁ። እሳቸው ግን በቆርቆሮውና በግንቡ መካከል ቀዳዳ አገኙ፤ ተማምነው ወሰዱ።

21ኛው ቀን አለፈ። እትዬ አንድ ሽማግሌ አስከትለው መጡ። ሽማግሌው ተቀመጡ፣ ከዘራቸውን አጋደሙ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ «ዶሮዋ አፍራለች» አሉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እህል በወጉ ሳትቀምስ፣ በማይፈለፈል ነገር ላይ መቀመጧን አስረዱ። እኔም አስቀድሜ መናገሬን አስረዳሁ። እትዬ ቀዳዳውን ጠቀሱ። ሽማግሌው ተነሥተው ቀዳዳውን መረመሩና ድመት እንጂ አውራ አያሳልፍም ብለው ፈረዱ። ቂም እንዳይቀር ግን ቡና አፍይ ተባልኩ። አፈላሁ፤ ቁርሱ ቅቅል እንቁላል በሚጥሚጣ ነበር። ሽማግሌው አንዱን ሁለት ቦታ ከፍለው አስኳሉን ወደ ብርሃን ያዙትና «ይሄማ ሐበሻ ነው» አሉ።

ዶሮዎቹ አንድ ዓመት ተኩል ሲያልፋቸው መጣላቸው ይቀንሳል፤ መኖው አያዋጣም፣ በዓል ጠብቄ እሸጣቸዋለሁ። ዶሮ ገዢ ከእንቁላል ገዢ ይብሳል። እግሯን ይዞ ይመዝናታል፣ ደረቷን ይዳብሳል፣ ላባዋን እፍ ብሎ ቆዳዋን ያያል፤ ከዚያ «ገብስማ የለሽም? ወሰራስ?» ይላል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ቀይ መሆናቸውን እያየ። ኩክኒዋ ድምድማ ይሁንልኝ የሚልም አለ። ይህን ሁሉ ጨርሶ «መቂ መንገድ ላይ በግማሽ ዋጋ ነው» ይለኛል። ይህን የሚለኝ ሰው መቂ ሄዶ አያውቅም።

ባለፈው ፋሲካ አንዲት ጎረቤቴ ከነዚህ አሮጊቶች አንዷን ወሰደች። ቅዳሜ ሹር ጠዋት ቢላዋው ተስሎ ሳለ ዶሮዋ ማድ ቤት፣ የሽንኩርቱ ቅርጫት ውስጥ ጣለች። ልጆቹ አለቀሱ፤ ስም ወጣላት፤ ባልየው ሌላ ዶሮ ፍለጋ ተሯሯጠ። አሁን ያቺ አሮጊት ቀን እያለፈች ትጥላለች፤ ጎረቤቴም ከእኔ መግዛቷን ተወች። ይግረማችሁ ብላ ባለፈው ሳምንት ማንቆርቆሪያ የሚያህል ጣሳ ይዛ መጣች።

«ከዚያ ከምትሰጫቸው መኖ ትንሽ አበድሪኝ። ፍርፋሪ አልበላም አለች፤ አንቺ ነሽ ያቀማጠልሻት።»

ግማሽ ኪሎ ሰፈርኩላትና ደብተሩን አወጣሁ። በማን ስም ልጻፈው ብላት፣ «በእሷ» አለችኝ።