ምስጋና ለትራሱ ላሊበላ

የልደትን በዓል በላሊበላ ለማክበር ከዋግና ከራያ፣ ከጋይንትና ከዋድላ ስንቁን በስልቻ ይዞ፣ የላስታን ዳገትና ቁልቁለት በባዶ እግሩ ሲያቋርጥ፣ ሌሊቱን በዓለት ጥግ በጋቢው ተጠቅልሎ ሲያድር፣ ሲነጋም ካህናቱ በቤተ ማርያም አፋፍ ላይ ተሰልፈው «ቤዛ ኵሉ»ን በሽብሸባ ሲያወርዱ ለማየት አንገቱን ሲያሰግግ የኖረው ምእመን ጉልበቱን በከንቱ እንደ ጨረሰ የገለጠልን ዘመን ቢኖር ይህ የእኛ ዘመን ነው። እርሱ በዚያን ያህል ድካም ሲሻው የኖረውን በረከት፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ከተማ ጥቂት ትርፍ ገንዘብ ያለው ሰው ሁሉ ከሶፋው ሳይነሣ ያገኘዋልና፤ ቤተ ጊዮርጊስ በትራሱ ላይ ታትሞለታል፤ ሲደክመው ራሱን ያስደግፍበታል፤ ድካሙ ሲበረታም ያንኮራፋበታል።

ይህን ታላቅ ቅለት ያስገኙልን የግራፊክ ዲዛይን ሊቃውንትና የቤት ማስዋቢያ ነጋዴዎች ስለ ሆኑ፣ ውለታን አለመርሳትም የጸሐፊ ግዴታ ስለ ሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ እንደ ዐቅሜ ላመሰግናቸው ተነሥቻለሁ። ትምህርታቸው አጭርና ግልጽ ነው፦ ሰው በየዕለቱ የሚነካው ዕቃ ሁሉ መንፈሱን የሚያነቃቃ፣ የፈጠራ ኃይሉን የሚቀሰቅስ፣ በእነርሱ አነጋገር «ኢንስፓየር» የሚያደርግ ሊሆን ይገባዋል። ስለዚህ የጧቱ ቡና የላሊበላ መስቀል በታተመበት ኩባያ ይቀዳል፤ የብራና መጽሐፍን አናት ለማስጌጥ የተፈጠረው፣ ጸሐፊው ቀለሙን ከጥላሸት አዘጋጅቶ፣ መቃ ብርዑን ቀርጾ፣ ወገቡን አጉብጦ፣ ቀኑን ሙሉ ሲጥለው የሚውለው ሐረግም በስልክ ሽፋን ላይ አርፏል። ቀድሞ ከሐረጉ በታች የሚነበበው ወንጌል ወይም ተአምር ነበር፤ ዛሬ ከሽፋኑ ማዶ የሚነበበው የጎረቤት ሐሜት ነው። ጌጡ ግን፣ አለመታዘብ አይቻልም፣ ከነውበቱ አለ።

ከውለታቸው ሁሉ የሚበልጠው ምርጫችንን ማቅለላቸው ነው። በላሊበላ ከአንድ ዓለት የተፈለፈሉ 11 አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ መጀመሪያ ካሰፈራቸው ዐሥራ ሁለት ሥፍራዎች አንዱ አድርጓቸዋል። ይህ ቍጥር ለአንድ ሶፋ እጅግ የበዛ ነው። ቤተ መድኃኔ ዓለም በግዝፈቱ፣ ቤተ ማርያም በልዩ ልዩ የመስቀል ዐይነት በተቀረጹ መስኮቶቿና በጨርቅ በተሸፈነው ዓምዷ፣ ቤተ አማኑኤል የአክሱምን የእንጨትና የድንጋይ ግንብ በዓለት ገጽ ላይ በመምሰሉ፣ ቤተ ጎልጎታ በግድግዳው ላይ በቆሙት የቅዱሳን ምስሎች ተመልካቹን ያዘገዩታል፤ ንድፍ ደግሞ በአንድ ጥቅሻ ካልተያዘ አይሸጥም። ከዚህም ሌላ፣ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከዝናብና ከፀሐይ ይጋርዳቸው ተብሎ በ2000 ዓ.ም. ለጊዜው በተተከለው የብረትና የሸራ መጠለያ ሥር ናቸው። የከተማው ሕዝብ «መጠለያው ራሱ ለቅርሱ ሥጋት ሆነ» እያለ በ2011 ዓ.ም. አደባባይ ወጥቶ አቤት ብሎበታል፤ ባለ ንድፉ ግን እንዲህ ያለ እንግልት የለበትም። መጠለያ የሌለውን፣ ጣራው ለሰማይ የተገለጠውን፣ ሦስት መስቀል አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጸበትን ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ወደ ታች አይቶ ይመርጠዋል፤ የቀሩት ዐሥሩ ለትራስ ስላልተመቹ እንዳልነበሩ ይሆናሉ። የተሰነጠቀ ግድግዳ፣ ውኃ የሰረገበት ዓምድ፣ ጥገና የሚጠብቅ ቅስት በጨርቅ ላይ አይታተምም፤ ቢታተምም ከመጋረጃው ጋር አይስማማም።

የእነዚያን የጥንት አናጺዎች አሠራር ስናስበው ደግሞ የዛሬዎቹ ሊቃውንት የቱን ያህል እንዳሻሻሉት ይበልጥ እንረዳለን። የጥንቶቹ ሥራቸውን ከጣራ ጀምረው ወደ መሠረት ይወርዱ ነበር፤ መሮና መጥረቢያ አንድ ጊዜ የቈረሰውን ቀይ ዓለት መልሶ የሚለጥፍ ሙጫ ስላልነበራቸው፣ በቅስቱ ላይ የሳተች አንዲት ምት እስከ ዘለዓለም ስታ ትኖራለች፤ ስለዚህ ከመምታታቸው በፊት ማሰብ ነበረባቸው። ውኃው የሚወርድበትን ቦይ፣ ሰው የሚያልፍበትን ዋሻ፣ ብርሃን የሚገባበትን መስኮት ሁሉ አስቀድመው በልቡናቸው ሣሉ፤ ቤቱም የተገኘው አላስፈላጊው ሁሉ ከተወገደ በኋላ ነው። እንግዲህ ከላሊበላ ተማርሁ የሚል ሰው፣ የትምህርቱ ፍሬ ከሳሎኑ ዕቃ በማንሣት በታየ ነበር። ነገር ግን ከቤት ለሚወጣ ዕቃ ዋጋ የሚያስከፍል ነጋዴ እስካሁን ስላልተገኘ፣ ትምህርቱ ተገልብጦ በመጨመር ሆነ፤ ባዶ ግድግዳ የታየ እንደ ሆነ የላሊበላ ሰዓት ይሰቀልበታል፤ ከሰዓቱ ሥር የላሊበላ ቀን መቁጠሪያ፣ ከዚያም ሥር የላሊበላ ሻማ ይቆማል። ለደጃፉ ደግሞ መስቀሉ በመካከሉ የተሣለበት ምንጣፍ ተገኝቷል። በላሊበላ ምድር ወደ ቤተ መቅደስ የሚገባ ሰው፣ ንጉሥም ቢሆን ለማኝ፣ ጫማውን በደጅ አውልቆ ይገባል፤ በአዲሱ ሥርዓት እንግዳው የጫማውን ጭቃ በመስቀሉ ላይ ጠርጎ፣ ጫማውን እንዳደረገ ይገባል። ከደጃፉ ጀምሮ «ኢንስፓየር» ይሆናል ማለት ነው።

የዚህ ጥበብ ኃይል ግን ፈጽሞ የሚገለጠው ዕቃን ከሥራው ባሳረፈ ጊዜ ነው። ሞሰብ ተገልብጦ የጣራ መብራት ሆኗል፤ ብርሌ የደረቀ አበባ ይዟል፤ የወሎ ደጋ ሰው በውርጭ ሌሊት ሦስትና አራት ሆኖ የሚለብሰው ዝተት በግድግዳ ላይ ተወጥሮ ማንንም ሳያሞቅ ይውላል፤ በሬ የጠመደ ቀንበርም በባህል አዳራሹ መግቢያ በቫርኒሽ ታሽቶ ተሰቅሏል። ከሥሩ ቆሞ ፎቶግራፍ የሚነሣው ወጣት፣ ያች የተላጠች የእንጨት ጫፍ በምን እንደ ተላጠች ቢጠየቅ የአናጺው ፈጠራ ናት ብሎ ይመልሳል። ባዶ ሞሰብ በላስታና በመላው ወሎ በ1977 ዓ.ም. ምን ማለት እንደ ነበረ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ዛሬም በሕይወት አሉ፤ እነርሱ ባዶ ሞሰብ ባዩ ጊዜ ፊታቸውን የሚያዞሩት ስለ ሥነ ጥበብ የተማሩት ነገር ስለሌለ መሆን አለበት። ያኔ የድርቅ ምልክት የነበረው ነገር እነሆ የጣዕም ምልክት ሆኗል፤ ከዚህ የሚበልጥ እድገት ከየት ይመጣል?

«መስቀልን በዕቃ ላይ ማሳረፍ ዛሬ አልተጀመረም» የሚል ተከራካሪ እንደሚነሣ ዐውቃለሁ፤ ክርክሩም እውነት ነው። የላስታ እመቤት መስቀሉን በግንባሯ ላይ ተነቅሳዋለች፤ በቀሚሷ ጥለት ላይ አሠርታዋለች፤ ሊጡን ወደ ምጣዱ ከማስገባቷ በፊት በጣቷ ምልክቱን አሳርፋበታለች። ይሁን እንጂ እርሷ ምልክቱን ስታኖር በምልክቱ ለመገዛት ነበረ፤ በግንባሯ ስላለም ትጾማለች፣ ትሰግዳለች፣ የተራበ ሲመጣም ዳቦውን ትቈርሳለች። ይህ ሁሉ ግዴታ ለዘመናዊ ሰው ከባድ ሸክም መሆኑን የተረዱት የእኛ ሊቃውንት፣ መስቀሉን ከግዴታው በብልኀት ለይተው፣ የታጠበ፣ የማይለቅና ምንም የማይጠይቅ አድርገው አቅርበውልናል።

አሁን ወደ አንድ የተሟላ ሳሎን እንግባ። በግድግዳው ላይ በመስታወት ውስጥ የገባ ረጅም የብራና ክታብ ተሰቅሏል፤ በቀይና በጥቁር ቀለም የተሣሉት ትልልቅ ዐይኖች እንግዳውን ሁሉ ያያሉ። የቤቱ ጌታ ይህን የገዛው ዐይኖቹ «ግራፊክ» ስለሆኑበት ነው። ክታቡ ግን በደብተራው እጅ ሲጻፍ ቁመቱ በአንድ ሰው ቁመት ተለክቶ፣ የዚያ ሰው የክርስትና ስም በጸሎቱ መካከል እየገባ፣ ያን ሰው ከዐይነ ጥላና ከቡዳ እንዲጠብቅ ነበር፤ ስለዚህ የቤቱ ጌታ በማያውቀው በሌላ ሰው ስም የተጻፈ ጥበቃ ተከራይቶ ይኖራል። ከክታቡ ትይዩ በመደርደሪያው ላይ እሳት ያላየች ጀበና ቆማለች። ጀበናይቱን ያበጀች ሴት ደግሞ ማን ናት? በሀገራችን ሸክላ ሠሪውንና ብረት ቀጥቃጩን «ቡዳ ነው፣ በዐይኑ ይበላል» እያሉ ከማዕድ፣ ከጋብቻና ከርስት ሲያርቁት እንደ ኖሩ የማያውቅ የለም፤ ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ ካስነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም፣ ሸክላ በመሥራት የሚታወቁት የአዲስ አበባ የቀጨኔ ሴቶች ያ ስም እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ሲከተላቸው ኖሯል። እነሆ የአንድ ሳሎን ሁለት ግድግዳ! በወዲያኛው የሸክላ ሠሪዋ እጅ ይደነቃል፤ በወዲህኛው ከሸክላ ሠሪዋ ዐይን ይጠበቃል። የቤቱ ጌታ ሁለቱንም የገዛው ለቀለማቸው ስምምነት ስለ ሆነ፣ በመካከላቸው ያለውን ጥል አይሰማም።

ዋጋን በተመለከተም ሊቃውንቱ እንከን የላቸውም። በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ እንዲህ ያለ ንግግር ቢሰማ አይደንቅም፦

«እማማ፣ ይቺ ጀበና በስንት ናት?»

«ለአንቺ አልወደድብሽም፣ ልጄ። ብቻ ቤትሽ ስትገቢ በደንብ አሟሺያት፤ ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልክሽን ታፈላልሻለች።»

«አይ፣ እሳት አታይም፤ ለመደርደሪያ ነው። እስቲ ይቀንሱልኝ።»

«እሳት ካላየች ምኑን ጀበና ሆነች፣ ልጄ?»

ሴትዮዋ ይህን ብላም ትቀንሳለች፤ ምክንያቱም በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ እንግዳውን ካስቀረ ወዲህ፣ በማስከተልም በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተማይቱ በጦርነት ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ከከረመች ወዲህ፣ በላሊበላ የሚሸጥ እንጂ የሚገዛ አልበዛም። የመስቀል አንጥረኛውም፣ የእንጨት ቀራጩም፣ አስጎብኚውም እንዲሁ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠበት ጊዜ ነበር። በዚያው ጊዜ የሥራቸው ቅርጽ በማተሚያ መሣሪያ እየተባዛ በኩባያና በትራስ ላይ ሲሸጥ ከዋለው ገንዘብ አንዲት ሳንቲም እንኳ የላስታን ዳገት አልወጣችም፤ መንገዱ ስለማይመች ይሆናል። ከቤተ መድኃኔ ዓለም በ1989 ዓ.ም. የተሰረቀውን፣ ወደ 7 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን አፍሮ አይገባ የተባለውን የወርቅ መስቀል የገዛው ቤልጅጋዊ ሰብሳቢ ስንቱን ነቀፌታ ተሸክሟል! ሆኖም መስቀሉ ተገኝቶ ወደ ቦታው ተመልሷል። ቅርጹን ብቻ የወሰደ ሰው ግን ምንም ስላልጎደለ ማንም መልስ አይለውም፤ ሌብነት ከነክብደቱ ሲሆን ወንጀል ነው፤ ከክብደቱ የተለየ እንደ ሆነ ግን የፈጠራ ሥራ ይባላል።

ምስጋናዬን በዚህ ልፈጽም ባስብም፣ ከንድፍና ከቤት ዕቃ በየዕለቱ መንፈሳዊ መነቃቃት እሻለሁ ለሚል ለቅን ሰው አንዲት ምክር ልጨምር። ወዳጄ ሆይ፣ ጀበናይቱን ከመደርደሪያው አውርዳት፤ የገበያዋ ሴትዮ እንዳለችው አሟሻትና ቡና አፍላባት። መብራቱን ከሞሰቡ ውስጥ አውጥተህ እንጀራ አግባበት። ቀጥሎም ጀበናይቱን ያበጀችውን ሴት ፈልገህ ስሟን ጠይቅ፤ ወደ ቤትህም ጥራትና ከሶፋህ ላይ፣ ከወዳጆችህ መካከል አስቀምጣት፤ ከአንድ ሞሰብም አብራችሁ ብሉ። አስቀድሜ የማስጠነቅቅህ ግን ይህ ነገር በትራስ ላይ የማይታተም፣ ለፎቶግራፍም እንደዚያ የማይመች መሆኑን ነው። ወዳጆችህም «ይህች እመቤት ማን ናት? ሥራዋስ ምንድን ነው?» ማለታቸው አይቀርም፤ አንተም መመለስህ ግድ ነው። መልሱን ከሰሙ በኋላ ከእንግዶችህ ስንቱ እጁን ከሞሰቡ እንደሚሰበስብ ቍጠር፤ በግድግዳህ ላይ የሰቀልኸው ክታብ ጌጥ መሆኑና አለመሆኑ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።