የፕሮፋይልህ ፈረሰኛ አያትህን ቢያገኛቸው

ሁለት የሰፈር ልጆች አሉ። አንዱ ፌስቡኩ ላይ ነጭ ካባ የደረበ፣ ደረቱ ላይ ቀይ መስቀል ያለበት ባለ ጥሩር ፈረሰኛ ለጥፏል። ሌላው ጥምጥሙን አሳምሮ ጎራዴውን የመዘዘ ሳላሃዲን። በአንድ ኳስ መስታወት ሰብረው አብረው የተገረፉ ጓደኛሞች፣ ዛሬ በዓል በመጣ ቁጥር ኢየሩሳሌምን ሲቀማሙ ያመሻሉ። አንዱ «ነጻ አወጣናት» ይላል፤ ሌላው «አስመለስናት»። ተኩስ አቁም የሚታወጀው ዳታ ሲያልቅ ነው።

ማንም «ዳኘን» አላለኝም። ግን እዚህ አገር ተጠርቶ የሚገላግል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

በባለ ጥሩሩ ልጀምር። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ፈረሰኛህም ፈረንጅ ስለሆነ ቅር አይለውም።

«አባቶቻችን ኢየሩሳሌምን ነጻ አወጡ» ብለህ ጽፈሃል። የማን አባቶች? የሮማው ጳጳስ ዑርባን ሁለተኛ በ1095 ክሌርሞን ላይ ቆሞ «ዝመቱ» ሲል የሰማው የፈረንሳይ ሕዝብ ነው። እሺ፣ በሃይማኖት አባቶች ለማለት ነው እንበል። እነዚሁ አባቶችህ በ1098 አንጾኪያን ከያዙ በኋላ የጦሩ አለቆች ለጳጳሱ ደብዳቤ ጻፉ። መልእክቱ ባጭሩ፦ ቱርኩን አሸንፈናል፣ መናፍቃኑን ግን አልቻልናቸውም፣ መጥተህ አጥፋልን። መናፍቃን ያሏቸውንም ዘርዝረዋል፤ ግሪኮች፣ አርመኖች፣ ሶርያውያን፣ ያዕቆባውያን። የመጨረሻዎቹን ልብ በል። በኬልቄዶን ጉባኤ ከሮም የተለዩት፣ በእምነት ካንተ ቤተ ክርስቲያን ጋር አንድ የሆኑት ናቸው። ታዲያ ፈረሰኛህ አያትህን ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቢያገኛቸው ከፈረሱ ወርዶ «አባ፣ ይባርኩኝ» የሚል መስሎሃል?

«ኢየሩሳሌም ከገባ በኋላ ግን…» አልክ? ገባማ። ጁላይ 15 ቀን 1099 ገባ፤ ሙስሊሙንም አይሁዱንም ፈጀ። ከዚያ የጎልጎታውን ቤተ ክርስቲያን ለላቲን ካህናት አስረከበና የምሥራቁን ካህናት ገፍቶ አስወጣ። በ1101 የትንሣኤ ዋዜማ በየዓመቱ ከጌታ መቃብር በተአምር ይወጣል የሚባለው ብርሃን አልወጣ አለ። ሕዝቡ ሻማውን ይዞ ቢጠብቅ ቢጠብቅ የለም። አርመናዊው ታሪክ ጸሐፊ ማቴዎስ ዘኤዴሳ እንደሚለው፣ ብርሃኑ የወጣው የተገፉት ወገኖች ወደ ቦታቸው ከተመለሱ ወዲያ ነው። ነጻ አውጪህን ሻማው እንኳ አላመነውም።

ፕሮፋይል መቀየር ካማረህ ደግሞ ሌላ ልጠቁምህ። በ1096 ከዘመቱት መሃል አንዲት ዝይ መንፈስ ቅዱስ አድሮባታል ብለው ከኋላዋ የተሰለፉ ነበሩ። ፍየልም ነበረች። ዝይዋን ለጥፋት። ቢያንስ ማይንጽና ዎርምስ ላይ አይሁድ የፈጁት ሰዎቹ እንጂ እሷ አይደለችም።

አራተኛው የመስቀል ጦር ዘመቻ ላይስ? እሱን ባታነሣው ይሻልህ ነበር። በ1201 ከቬኒስ ጋር 85,000 ማርክ ተዋውለው ለ33,500 ሰው መርከብ አሠሩ። ሲቆጠር የመጣው ከሲሶ ብዙም አይበልጥ። ቬኒስ ደግሞ በጸሎት ዕዳ አትሰርዝም። መክፈያው ቢጠፋ በ1202 ዛራ የምትባል የካቶሊክ ከተማ ሰብረው ገቡ። የከተማዋ ጌታ የሃንጋሪው ንጉሥ ራሱ ለመዝመት መስቀል የተቀበለ ሰው ነበር። በ1204 ቁስጥንጥንያን፣ የክርስቲያኑን ዓለም ትልቋን ከተማ፣ ዘረፉ። ንዋየ ቅድሳቱን ለመጫን በቅሎዎቹን አያ ሶፍያ ውስጥ ድረስ አስገቡ። አራቱ የነሐስ ፈረሶች እስከ ዛሬ ቬኒስ ቅዱስ ማርቆስ ናቸው። ሊዘምቱ የተነሱት ግብፅ ነበር፤ አልደረሱም። እንግዲህ «ሙስሊሙን ድል አደረገ» የምትለው ጦር፣ ያን ጊዜ አንድ የሙስሊም ከተማ ሳይነካ ሁለት የክርስቲያን ከተማ አወደመ። ለሱም «ላይክ» አድርግለት።

አንተ ባለ ጎራዴው አትሳቅ። ተራህ ነው።

ሳላሃዲን ጨዋ ነበር። አልክድም፤ ጠላቶቹም አልካዱም። በ1187 ኢየሩሳሌም ሲገባ ያልገደለ ሰው ነው፤ ወንድ በ10 ዲናር፣ ሴት በ5 ዲናር ይውጣ አለ። የላቲኑ ፓትርያርክ ሄራክልዮስ የራሱን 10 ዲናር ከፍሎ የቤተ ክርስቲያኑን ወርቅ ጭኖ ሲወጣ፣ ሳላሃዲን ዝም ብሎ አሳለፈው። ከኋላው መክፈል ያቃተው ድኻ ወደ ባርነት ይነዳ ነበር። ይህ ነውር የፓትርያርኩ ነው፤ ለባለ ጥሩሩ መዝግቤለታለሁ።

ያንተን ልመዝግብ። «ዕድሜውን ሙሉ ከመስቀል ጦረኛ ጋር ተዋጋ» ብለሃል። ደማስቆን በ1174 ከማን ወሰደ? ከሙስሊም። ሐለብን በ1183? ከሙስሊም። ሞሱል በ1186 የተንበረከከችለት ምን ነበረች? ሙስሊም። ሒጢን ላይ ፈረንጆቹን የሰበረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የኢየሩሳሌም መንገድ በአማኝ ወንድሞቹ ግቢ በኩል ያልፍ ነበር መሰለኝ።

ሌላም አለ። በ1169 ካይሮ ውስጥ የግብፁን የፋጢማውያን ሥርወ መንግሥት ጥቁር ወታደሮች፣ ከኑብያና ከዚያ ወዲያ የመጡትን፣ በጎዳና ውጊያ ሰብሮ ሰፈራቸውን አቃጠለው። አንተ ያን ቀን ካይሮ ብትኖር ኖሮ መልክህን አይቶ ከየትኛው ወገን የሚያሰልፍህ ይመስልሃል? ፎቶህን እንኳ ሳትለጥፍ።

እንግዲህ ሁለታችሁም አንድ ነገር ዘላችኋል። ኢየሩሳሌም አንድ ጊዜ ጠብታ ደም ሳይፈስባት እጅ ለውጣለች። ያን ያደረጉትን ሁለት ሰዎች ግን ፕሮፋይሉ ላይ የለጠፈ እስካሁን አላየሁም።

አንደኛው ንጉሠ ነገሥት ፍሬደሪክ ሁለተኛ ነው። ሲሲሊ ያደገ፣ ዐረብኛ የሚያውቅ። በ1215 «እዘምታለሁ» ብሎ ተስሎ ዛሬ ነገ ሲል ዓመታት አለፉ። በ1227 መርከብ ተሳፈረ፤ ታመመና ተመለሰ። ጳጳሱ ጎርጎርዮስ ዘጠነኛ «ምክንያት ነው» ብሎ አወገዘው። በማግሥቱ ዓመት ዘመተ። አሁንስ? «ውግዘቱ ሳይፈታ እንዴት ይዘምታል!» ባይሄድ ኃጢአት፣ ቢሄድም ኃጢአት። እሱ ባሕር ማዶ ሳለ የጳጳሱ ጦር ደቡብ ኢጣሊያ ያለ ግዛቱን ወረረበት። መስቀል ጦረኛ አገሩን የተቀማው በሱልጣን ሳይሆን በጳጳስ ነው።

ሁለተኛው ሱልጣን አል ካሚል፣ የሳላሃዲን የወንድም ልጅ። እሱም ቢሆን ፍሬደሪክን የጠራው ለጽድቅ አይደለም፤ ደማስቆ ላይ የተቀመጠውን የገዛ ወንድሙን ፈርቶ ነው። ወንድምየው ሞተና ፍርሃቱ ቀለለ፤ እንግዳው ግን በር ላይ ደርሷል። መልእክተኛ ሲመላለስ ከረመ። በፌብሩዋሪ 1229 ተፈራረሙ፦ ኢየሩሳሌም፣ ቤተልሔምና ናዝሬት ለፍሬደሪክ፤ የአል አቅሳ ግቢ በሙስሊሞች እጅ ይቆይ፤ ሰላሙ ለ10 ዓመት።

እልልታ ትጠብቃላችሁ አይደል? ደማስቆ ላይ ሲብጥ ኢብኑል ጀውዚ የተባለው ሰባኪ ታላቁ መስጊድ ውስጥ ሕዝቡን አስለቀሰ፤ አል ካሚል ከሃዲ ተባለ። በዚህ በኩል ደግሞ የላቲኑ ፓትርያርክ ክርስቲያኖች ባገኟት በኢየሩሳሌም ላይ ቅዳሴ የሚያስቆም እገዳ ጣለ። ኢየሩሳሌም ተገኘች ተብሎ ቅዳሴ ሲከለከል! የሚቀባው ጳጳስ ስለጠፋ ፍሬደሪክ ዘውዱን አንሥቶ በገዛ እጁ ደፋ።

የሙስሊም ታሪክ ጸሐፊዎች አንድ ነገር ያወራሉ። ንጉሡ ከተማዋ ውስጥ ባደረባት ሌሊት፣ የናብሉሱ ቃዲ «እንግዳ አለ» ብሎ ሙአዚኖቹን አዛን እንዳይሉ ከለከላቸው። ሲነጋ ፍሬደሪክ ቅር አለው፤ እዚህ ማደር የፈለግሁት አዛኑን ለመስማት ነበር አለ። አያችሁ፣ ድምፅ ማጉያ ሳይፈጠር ስለ ድምፅ የተከራከሩት «ቀንሱልኝ» በሚል አልነበረም።

ባለ ጥሩሩ፣ ይህ ሰው በስንት ክብር እንደተሸኘ ገምት። በሜይ 1229 ከዓካ ወደብ በማለዳ ተደብቆ ሊወጣ ሲል በሥጋ ሻጮቹ መንገድ በኩል አለፈ። ሥጋ ሻጮቹ ጨጓራና አንጀት አንሥተው ወረወሩበት። የገዛ ክርስቲያን ወገኖቹ። ከሱ ቀደም ብሎ የእንግሊዙ ሪቻርድ ዓካ ላይ ወደ 2,700 እስረኛ አሳርዶ፣ ኢየሩሳሌምን በሩቁ ቃኝቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። እሱ «አንበሳ ልብ» ተባለ፤ ከተማዋን በወረቀት ያመጣው ሽንፍላ ለበሰ።

«ግን ስምምነቱ አልዘለቀም!» ስትሉ በአንድ አፍ ናችሁ፤ እንኳን ተስማማችሁ። ኢየሩሳሌም በመሃል ለጊዜው እጅ ከመለወጧ በቀር እስከ 1244 በክርስቲያን እጅ ቆየች። ጎራዴው ያመጣውን በየጊዜው ጎራዴ ሲወስደው ግን «አልዘለቀም» ያለ የለም፤ ያኔ «ጀግንነት» ነው የሚባለው።

ለመሆኑ የኛ ሰው በዚያች ከተማ የት ነው ያለው? ዴር ሱልጣን፤ በጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ። መነኮሳታችን እዚያ ጎጇቸው ውስጥ ተቀምጠው የሚሟገቱት ከማን ጋር ነው? ከሳላሃዲን ልጆች ጋር? ከፈረሰኛው ጋር? ከግብፅ ኮፕቶች ጋር! ያዕቆባዊ ከያዕቆባዊ። በ1970 የፋሲካ ሌሊት ኮፕቶቹ ታች ሲያስቀድሱ የኛዎቹ የበሩን ቁልፍ ለወጡ፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። የታችኛውን ዋና በር ቁልፍ ይዘው ጠዋት የሚከፍቱት፣ ማታ የሚዘጉት ደግሞ ሁለት የሙስሊም ቤተሰቦች ናቸው፤ ክርስቲያኖቹ በመሃላቸው ለማን እንስጥ ብለው አይስማሙማ።

እስቲ ባለ ጥሩሩ፣ ይቺን ጣሪያ ነጻ አውጣ። ባለ ጎራዴው፣ አንተም ሥራ ከፈታህ መሰላሉን ያዝለት።