ድንች የተከበረች ዕለት

ድንች በእኛ ሰፈር ክብር ኖሯት አያውቅም። ሱሉልታ ላይ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ጀርባችንን እየገረፈን እዚሁ ደጃችን ትበቅላለች፤ የምናስታውሳት ግን ሥጋ ሲወደድ ነው። ወጥ ውስጥ ሥጋ መስላ ትገባለች፤ እንግዳው ጉርሻው መሐል ሲደርስባት ምንም ሳይናገር ባለቤቲቱን ቀና ብሎ ያያል። «ድንች በልተን አደርን» የሚል ሰው እራቱን እየነገራችሁ አይደለም፣ ኑሮውን እየከሰሰ ነው።

ሰሞኑን ግን ጀርመን የምትኖር የጎረቤታችን ልጅ የድንች ቂጣ አሠራር በቪዲዮ ላከች። ካርቶፈልፑፈር ይሉታል። ጥሬ ድንች ይፈቀፈቅና ከሽንኩርት፣ ከእንቁላል፣ ከጥቂት ዱቄትና ከጨው ጋር ተለውሶ የጋለ ዘይት ላይ በስሱ ይጠበሳል፤ ማባያው ተቀቅሎ የተፈጨ ፖም ነው። እዚያ አገር ሰው በገና ገበያ መሐል ቆሞ፣ አፍንጫው በብርድ ቀልቶ የሚበላው ነገር ነው። እኛ ግን ቡና ተጠራራንለት፤ የሶፋው ዳንቴል ታጥቦ ተነጠፈ፣ ለክብር እንግዳ ብቻ የሚወጣው ሳህን ከቡፌው ወረደ። እኔ እንኳ አልተጠራሁም። ብቻ በመስቀል የተዋስኩትን ወንፊት መመለስ እንዳለብኝ ድንገት ትዝ ያለኝ ልክ ድንቹ መላጥ ሲጀምር ነው።

መፈቅፈቂያ ፍለጋ ሰፈሩ ታሰሰ። አንድ ተገኘ፤ እሱም ካሮት ካየ ከርሟል። ከዚያ አንዷ ትፈቀፍቃለች፣ የቀረነው እናርማታለን። «ቀጠን አድርጊው!» «ኧረ ወፈር ይበል!» ጥቂት ቆይቶ ድንቹ ጠቆር ሲል «ተመርዟል!» የሚል ድምፅ ተሰማ። የተላጠ ድንች አየር ሲያገኘው ይጠቁራል፤ ሽንኩርቱን አብሮ መፈቅፈቅ ያዘገየዋል። ይህን ያስረዳችን የቤቱ ትንሿ ልጅ ናት። «አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ!» ተብላ ሽንኩርት እንድትልጥ ተላከች።

ቀኑ ዓርብ መሆኑ የታወሰው እንቁላሉ ሊሰበር ሲል ነው። ልጅቷ ዕንባዋን እየጠረገች፣ በራይን ወንዝ አካባቢ ያሉ ካቶሊኮች ዓርብ ዓርብ ሥጋ ስለማይበሉ ይህችኑ ቂጣ እንደሚበሉ ነገረችን።

«በእንቁላል?» አሉ እማማ።

«አዎ፣ በእንቁላል።»

«እንዲህማ ከሆነ እኛ ዕድሜ ልካችንን ስንጾም የኖርነው ምኑን ነው?»

መላ ግን አለው። የተፈቀፈቀው ድንች በንጹሕ ጨርቅ ሲጨመቅ የሚወጣው ውሃ ትንሽ ከተቀመጠ ከሥሩ ነጭ ስታርች ይዘቅጣል። ላዩን ውሃ ቀስ አድርጎ ደፍቶ ዝቃጩን መልሶ መቀላቀል ነው፤ እንቁላል ባይኖርም ያያይዘዋል። ዘወር ብለን ውሃው የተጠራቀመበትን ጎድጓዳ ሳህን ብንፈልግ፣ ከጠዋት ጀምሮ «ኑሮ ውድ ነው፣ ምንም ነገር እንዳይደፋ» እያሉ ሲመክሩን የዋሉት እትዬ አጥበው ደፍተው አስቀምጠውታል።

ሌላ ድንች ተላጠና ቅመም ላይ ተደረሰ። «ጨው ብቻ?» አንዷ ቃሪያ ከተፈች፣ ሌላዋ ነጭ ሽንኩርት ደቆሰች፣ እኔ ማንም ሳያየኝ ሚጥሚጣ ነሰነስኩ። በኋላ ሲቀመስ ማንም ሳያየው የነሰነሰው ሰው ብዙ መሆኑ ታወቀ። ፖሙስ ሲባል ዋጋው ተጠየቀ። ፖም ጨንቻ ቢበቅልም ሱሉልታ እስኪደርስ ድረስ ኩራቱ ሌላ ነው፤ በአዋዜ ተተካ።

የመጀመሪያዋ ቂጣ ጠርዟ ሳይቀላ ተገልብጣ ተበጣጠሰች። የሚቀጥሉትን ስንጠብቅ ጡረታ የወጡት መምህር ታሪክ ጀመሩልን። ድንችን ወደ አገራችን ያስገባት ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው ይባላል፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1858። ሰው ልብ ብሎ የተቀበላት ግን ወደ ክፍለ ዘመኑ ማብቂያ፣ ረሃብ ሲያስገድደው ነው። ጀርመኖቹስ መቼ በፈቃዳቸው በሏት? የፕሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬድሪክ በ1756 ድንች ይተከል ብሎ ማዘዝ ነበረበት፤ ዛሬም ፖትስዳም ያለው መቃብሩ ላይ ድንች ያኖሩለታል። እዚያ በንጉሥ ትእዛዝ፣ እዚህ በረሃብ አለንጋ የገባችውን እኛ በአጭር ቪዲዮ እጅ ሰጠንላት! አፋችንን ከፍተን ስናዳምጥ ቆይተን፣ መምህሩ አፋቸውን የከፈቱት ለትምህርት ብቻ እንዳልነበረ የገባን ሳህኑ ሲጎድል ነው።

ይህች ቂጣ ከመጥበሻው እንደወጣች ካልተበላች ትልፈሰፈሳለች። ግን ፎቶ ሳይነሣ ማን ደፍሮ ይነካል? ሳህኑ ወደ መስኮቱ ተጠጋ፣ የፕላስቲክ አበባው ከጎኑ ቆመ፣ አዋዜው «ጀርመን ታየዋለች» ተብሎ ከፎቶው ተባረረ። ትኩሱን ስልክ በላው፣ የቀዘቀዘው ለእኛ ደረሰን። «እንዴት ይጣፍጣል!» ያላለ ግን አልነበረም።

በማግስቱ ግማሹ ሰፈር ድንች ግዢ ወጣ።

«አዴ፣ ለጀርመኑ የሚሆን አለዎት?» አልኳቸው ሻጯን።

ፊታቸው የተከመረው ጉዳኔ ነው፤ ከቡራዩ ማዶ ሆለታ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣው ዝርያ። ሴትዮዋ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ክምሩን አዩ።

«ለጀርመኑ የሚሆነው ውስጥ ነው» አሉና ከዚያው ክምር ዘግነው ወደ ጓዳ ገቡ፤ በፌስታል ቋጥረው ተመለሱ። በኪሎ አምስት ብር ጨምሯል።

ከፈልኩ። ከኋላዬ ተሰልፋ የነበረችው ጎረቤቴ አንገቷን አስግጋ፣ «ለእኔም ከውስጠኛው ያድርጉልኝ» አለች።