መርከቧን ያለ አባቷ ስም ይጥሯት

በአገራችን ስም ብቻውን ሰውን አያስለይም። መርካቶ መሀል ቆሞ «ከበደ!» ብሎ የተጣራ ሰው ስንቱ እንደሚዞርለት ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ «ከበደ የማን?» እንላለን፤ አባት ካልበቃ አያት እንጨምራለን። የመዝናኛ መርከቦችም ስም የሚወጣላቸው ከዚህ በማይርቅ ሥርዓት ነው። እያንዳንዷ የራሷ ስም አላት፤ የኩባንያው መለያ ደግሞ እንደ አባት ስም ይያያዝላታል። ይህን ያላስተዋለ ተጓዥ ቲኬት ሲቆርጥ፣ ዘመድ ሲቀበል ወይም ከከተማ ወደ ወደብ ሲመለስ መርከብ ይስታል።

ከዚህ በታች የምዘረዝረው መርከብ የመሳቻውን መንገድ ነው። የፌዝ ምክር መልክ የሰጠሁት ስህተት በመልኩ ሲታይ ቶሎ ስለሚታወቅ ነው። ዓመት ሙሉ ገንዘብ አጠራቅሞ ቤተሰቡን ይዞ የወጣ ሰው በአንድ ቃል ምክንያት ዕረፍቱ ሲበላሽ ያሳዝነኛል፤ የጻፍኩትም ለእሱ ነው።

አንደኛ፦ በራሷ ስም ብቻ ይጥሯት።

«በፍሪደም ነው የምንሄደው» ይበሉና በዚያው ይተዉት። ሮያል ካሪቢያን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2006 ፍሪደም ኦቭ ዘ ሲዝን ሥራ አስጀመረ፤ በ2007 ደግሞ ካርኒቫል ፍሪደም መጣች። ሊበርቲም ሁለት ናት፤ አንዷ የካርኒቫል፣ ሌላዋ የሮያል ካሪቢያን። ዲዝኒ ድሪም አለች፣ ካርኒቫል ድሪም አለች። ዲዝኒ ማጂክ አለች፣ ካርኒቫል ማጂክ አለች። ኖርዌጂያን ጁወልና ጁወል ኦቭ ዘ ሲዝም እንዲሁ ሞክሼዎች ናቸው።

ነገሩ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ኩባንያዎቹ ሁሉ የሚሸጡት አንድ ነገር ነው፤ ነፃነት፣ ሕልም፣ ድምቀት፣ ዕንቁ። እነዚህን የሚገልጹት ቃላት ጥቂት ስለሆኑ ሁሉም ከአንድ መሶብ ይቆርሳሉ። በዚያ ላይ ካርኒቫል፣ ዲዝኒና ኖርዌጂያን የአባቱን ስም ከፊት ሲያስቀምጡ፣ ሮያል ካሪቢያን «ኦቭ ዘ ሲዝ» ብሎ ከኋላ ያመጣዋል፤ «የባሕሮቹ» እንደ ማለት ነው። ጆሮ የሚይዘው መሀሉን ብቻ ነው። ከዋሽንግተንና ከሜሪላንድ ተጠራርተው ከባልቲሞር ወደብ ለመነሳት የሚያስቡ ወገኖቻችን በስልክ ሲቀጣጠሩ የመርከቧን ስም ከነአባቷ ቢነጋገሩ ብዙ ድካም ይቀርላቸዋል።

ሁለተኛ፦ ስሟን ወደ አማርኛ ይመልሱት።

በዚህ ዘዴ ሦስት መርከቦችን ባንድ ጊዜ ማጥፋት ይቻላል። ፍሪደም፣ ሊበርቲ እና ኢንዲፔንደንስ ኦቭ ዘ ሲዝ በ2006፣ በ2007 እና በ2008 በተከታታይ የወጡ እህትማማቾች ናቸው። አማርኛ ሦስቱንም «ነፃነት» ይላቸዋል። «በየትኛዋ ነው የምትመጡት?» ብላ ለጠየቀች እናት «በነፃነት» የሚል መልስ ምንም አይነግራትም። ከእነሱ በፊት የነበሩት ሶቨሪን፣ ሞናርክ እና ማጀስቲ ኦቭ ዘ ሲዝም በ1988፣ በ1991 እና በ1992 የመጡ ናቸው፤ ሦስቱም ስሞች ከቤተ መንግሥት የወጡ ስለሆኑ በትርጉም አይለያዩም። የመርከብ ስም እንደ ሰው ስም ነው። ትርጉሙን ማወቅ ደግ ነው፤ መጥራት ግን እንደተሰየመው ነው።

ሦስተኛ፦ የአባቷን ስም ብቻ ይያዙ።

የሆላንድ አሜሪካ ኩባንያ መርከቦች ስማቸው በ«ዳም» ያልቃል። ዙይደርዳም፣ ኦስተርዳም፣ ዌስተርዳም፣ ኖርዳም። ጭራውን ብቻ የያዘ ተጓዥ አራቱን እንደ አንዲት ይቆጥራቸዋል። እዚህ ግን ትርጉም ያድናል፤ በደች ቋንቋ ስማቸው ደቡብን፣ ምሥራቅን፣ ምዕራብንና ሰሜንን ይጠቁማል። ሰያሚው አራቱን ማዕዘናት አስቦ ነው ስም ያወጣላቸው። ይህን አንድ ጊዜ የሰማ ሰው ዳግመኛ አያምታታቸውም።

ኤምኤስሲ ደግሞ አራት መርከቦቹን ሲሳይድ፣ ሲቪው፣ ሲሾር እና ሲስኬፕ ብሏቸዋል። ሁሉም «ሲ» ብለው ይጀምራሉ፤ ባሕር ማለት ነው። የመሳፈሪያ ወረቀቱን የመጀመሪያ ፊደል አይቶ ኪሱ የሚከት ሰው ከአራቱ የቷ እንደሆነች ሳያውቅ ወደብ ይደርሳል። ስሙን እስከ መጨረሻው ፊደል ማንበብ የሚወስደው ጊዜ ከትንፋሽ አይበልጥም።

አራተኛ፦ ስሟ አንድ ከሆነ መርከቧም አንድ ናት ብለው ይመኑ።

ኩናርድ የተባለው ኩባንያ ኩዊን ኤልሳቤጥ የሚለውን ስም ሦስት ጊዜ ተጠቅሞበታል። የመጀመሪያዋ በ1940 ባሕር ላይ ወጣች፤ በ1972 ሆንግ ኮንግ ወደብ ላይ ተቃጠለች። ሁለተኛዋ በ1969 ሥራ የጀመረችው ኩዊን ኤልሳቤጥ 2 ናት፤ ዛሬ ዱባይ በራሺድ ወደብ ቆማ ሆቴል ሆናለች፤ እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሄደው ሊያዩዋት ይችላሉ። ሦስተኛዋ በ2010 የተሰየመችው ናት፤ የምትጓዘውም እሷ ነች። ኩዊን ሜሪም እንዲሁ። አሮጌዋ ከ1967 ጀምሮ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሎንግ ቢች ላይ ቆማለች፤ ውቅያኖስ የምታቋርጠው በ2004 የተነሳችው ኩዊን ሜሪ 2 ናት። እዚህ ላይ የአባት ስም አይበቃም። አያት ያስፈልጋል፤ የመርከብ አያት ደግሞ የተሠራችበት ዓመት ነው።

አምስተኛ፦ ስሟ ከተለወጠ አዲስ ናት ይበሉ።

ካርኒቫል ዴስቲኒ በ1996 ስትመጣ ከ100,000 ግሮስ ቶን በላይ የሆነች የመጀመሪያዋ የመንገደኞች መርከብ ነበረች። በ2013 እንደገና ታድሳ ካርኒቫል ሳንሻይን ተባለች። በአዲሱ ስም ብቻ የሚያውቃት ሰው ያን ታሪክ በእሷ ላይ አያየውም።

ከዚህ የሚበልጠው በጃፓኗ ናጋሳኪ የሆነው ነው። በጥቅምት 2002 በሚትሱቢሺ የመርከብ መሥሪያ ቦታ ዳይመንድ ፕሪንሰስ ልትባል የተሰናዳችው መርከብ ገና ሳታልቅ እሳት በላት። ሳፋየር ፕሪንሰስ ልትባል የነበረችው እህቷ አጠገቧ እየተሠራች ነበር። ዳይመንድ የምትባለው መርከብ ብዙ ሳትዘገይ እንድትደርስ ሲባል የሁለቱ ስም ተለዋወጠ። የተቃጠለችው ተጠግና ሳፋየር ሆነች፤ ሁለቱም በ2004 ሥራ ጀመሩ።

ስም እንዲህ የሚዘዋወር ከሆነ የማይዘዋወር ነገር ያስፈልጋል፤ እሱም የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ቁጥር ነው። ሰባት አሃዝ አለው። መርከቧ ብትሸጥ፣ ባንዲራዋ ቢቀየር፣ ስሟ ቢፋቅ ቁጥሩ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ አብሯት ይኖራል። የምትሳፈሩባትን መርከብ ዕድሜና ታሪክ ማወቅ ከፈለጋችሁ በዚያ ቁጥር ፈልጉ።

ስድስተኛ፦ ከመርከቧ ሲወርዱ ዞር ብለው አይዩ።

በሜክሲኮዋ ኮዙሜል ደሴት የመዝናኛ መርከቦች የሚቆሙባቸው ሦስት ማረፊያዎች አሉ፤ ፑንታ ላንጎስታ፣ ፑዌርታ ማያ እና ዓለም አቀፉ ማረፊያ። ለታክሲ ነጂው «ወደ መርከቡ» ማለት ከሦስቱ ወደ አንዱ፣ ምናልባትም ወደ ሌላ ሰው መርከብ፣ መሄድ ነው። እህትማማች መርከቦች በአንድ ንድፍ ስለሚሠሩ ከሩቅ መልካቸው አያስለይም። ኋላዋ ላይ «ናሶ» ተብሎ የተጻፈውን ስሟ ነው ብሎ የሚያነብም አይጠፋም፤ ያ የተመዘገበችበት ወደብ ነው፤ ብዙ መርከቦች በባሃማስ ስለሚመዘገቡ ይህን ጽሑፍ በብዙዎቹ ላይ ታገኙታላችሁ። ሰዓቱንም አትርሱ፤ በአሜሪካ የበጋ ሰዓት ኮዙሜል ከማያሚ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ የምትነሱበትን ሰዓት በማን አቆጣጠር እንደተነገራችሁ ጠይቁ።

ይህን ሁሉ እንደ ትንሽ ነገር የሚያየው ሰው 2020ን ያስታውስ። በየካቲት ዳይመንድ ፕሪንሰስ ወደ 3,700 ሰው ይዛ ዮኮሃማ ላይ በኮሮና ምክንያት ታገደች፤ ከተሳፋሪዎቿና ከሠራተኞቿ 712 ሰው ተያዘ። በመጋቢት ግራንድ ፕሪንሰስ ከካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ ርቃ ቆይታ ኦክላንድ ገባች። በዚያው ወር ሩቢ ፕሪንሰስ ሲድኒ ደረሰች። በሦስት አገር፣ በሦስት ወደብ፣ አንድ የአባት ስም፤ ፕሪንሰስ። አባቱን ወይም ልጁን አሳፍሮ ከቤት ለቀረ ሰው ያ የፊተኛው ቃል፣ ዳይመንድ ወይስ ግራንድ ወይስ ሩቢ የሚለው፣ ከምንም ነገር በላይ ነበር።

ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን። የመርከብን ስም የሚያወጣው ግን ኩባንያ ነው፤ የክርስትና እናት ተመርጣላት የሻምፓኝ ጠርሙስ ቢሰበርላትም፣ ከሞክሼዋ የመለየቱ ሥራ ለእኛ የቀረ ነው። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት በአንዲት ወረቀት ላይ አራት ነገር ጻፉ፤ የራሷን ስም፣ የአባቷን ስም፣ የተሠራችበትን ዓመት፣ ሰባቱን አሃዝ። ወረቀቱን ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት። ቤት ለሚቀረው ሰው ስጡት።