ለመካሪዎቼ

አዲስ አበባ ውስጥ ሳይክል የሚነዳ ሰው መካሪ አያጣም። ሌላው ምክር ሲያምረው ሽማግሌ ደጅ ይጠናል። እኛን ግን ምክሩ ራሱ ከኋላችን እየከነፈ መጥቶ፣ ክላክሱን ጆሯችን ሥር አምባርቆ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ይደርሰናል፦ «ብር ካለህ መኪና ግዛ፤ ከሌለህ ታክሲ ያዝ!»

ይህን ያህል የሚያስብልኝ ሕዝብ መሀል መኖሬን ሳስብ ምስጋናዬ ያንስብኛል። ከለገሃር ተነሥቼ ቸርችል ጎዳናን ወደ ማዘጋጃ ቤት ስወጣ (ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ማለቷን እዚያ ዳገት ላይ ሳንባዬ ይነግረኛል) ማርሹን እስከ መጨረሻው አቅልዬ አለከልካለሁ። ሚኒባስ ይጠጋኛል። ረዳቱ ወገቡ ድረስ በበሩ ወጥቶ የመኪናውን ጎን በመዳፉ ዷ ዷ ያደርግና፣ ሲያልፍ ጀርባዬን ቸብ! ጋቢና ያሉት ይስቃሉ። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ የቡድኑ መኪና ከኋላ ይዞለት የሚከተለው ውኃና ትርፍ ጎማ ነበር። ጀርባውን የሚመታለት ረዳት እንኳ አልመደቡለትም። ያሳዝናል።

የሌሎቹም ውለታ አይረሳም። በኮሪደር ልማቱ የተሠራው የሳይክል መንገድ ባዶውን እንዳይከፋው መኪናቸውን የሚያቆሙበት አሉ። ሳልታጠብ እንዳልውል ክረምት ላይ ኩሬ መርጠው የሚረግጡልኝ አሉ። እንዳላንቀላፋ በር ድንገት የሚከፍቱልኝም አሉ።

ወደ ዋናው ምክር ልመለስ። መኪና ግዛ። እሺ፣ ገዛሁ። ግን እንዲህ ያለ ምክር ለእኔ ብቻ ቢቀር ንፉግነት ነው። ሰኞ ጠዋት የከተማው ባለ ሳይክል በሙሉ መኪናውን አስነሥቶ ይውጣ። ዳቦ የሚያደርሰው ልጅ ዳቦውን በቪትዝ ጭኖ፣ አናጺው መጋዙን ጋቢና አስቀምጦ፣ ተማሪውም ለብቻው አንዲት መኪና ይዞ። ምክሩ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ከደረሰ ደግሞ መኪና ማቆሚያ ስለሚጠፋ ሐይቆቹን መድፈን ሳይኖርብን አይቀርም። ትናንት ሳይክሌ ከመንገዱ የምትይዘው የክንዴን ያህል ነበር። ዛሬ መካሪዬ ፊት አራት ሜትር ገደማ ብረት ገትሬ ቆሜያለሁ። ከፊቴ ዳቦው ቆሟል፣ ከዳቦው ፊት መጋዙ፣ ከመጋዙ ፊት ተማሪው። ሰልፉ ከመገናኛ ተነሥቶ፣ ሃያ ሁለትን አልፎ፣ ኡራኤልን አልፎ መስቀል አደባባይ ገብቷል። መካሪዬ ክላክሱን ያምባርቃል። ማን ሊሰማው? ሁሉም መስኮቱን ዘግቶ ሬዲዮ ከፍቷል። ወደ ዳር ሊገፋኝ ቢል የእኔም ብረት ነው። አለቃው ይደውልለታል። «የት ቀረህ?»

«ሰዎች መኪና ገዝተው ነው» ይላል።

እዚህ ላይ ግን ሽሙጡ አልሆንልህ አለኝ። አንድ ትልቅ ጥቁር መኪና ስፖኪዮው ክርኔን ገጭቶ ጥሎኛል። ሹፌሩ ቆመ፣ ወረደ፣ ስፖኪዮውን በእጅጌው ጠረገ፣ ጭረት ፈለገ፤ ሲያጣ ተሳፍሮ ሄደ። እኔ አስፋልቱ ላይ ነበርኩ። ሳይክል ነጂ ለማስደንገጥ ሆን ብሎ መሪ የሚያጥፍ ሰው ተጫዋች አይደለም። መንጃ ፈቃዱን መቀማት ያለበት ሰው ነው።

ቢሆንም ምክሩን ተቀብያለሁ። ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና ከውጭ ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ስለተከለከለ የኤሌክትሪኩን እያማረጥኩ ነው። የጎደለኝ ገንዘቡ ብቻ ነው። መካሪዎቼ እቁብ ቢጥሉልኝ የመጀመሪያውን ዕጣ ለመውሰድ ፈቃደኛ ነኝ። መዋጮውን ለመሰብሰብም አልቸገርም፤ የቱንም ያህል ጮኸውብኝ ቢያልፉ ቀጣዩ ቀይ መብራት ላይ ሁሉንም አገኛቸዋለሁ።